የጠረግኩት ዓይን

ይህን የፈጠራ ወሬ ነው የሚል ሰው ካለ ከአሁኑ ይለፈው። አልቀየመውም። እኔም በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢነገረኝ ኖሮ "ይሄ ሰውዬ ለይቶለታል" ብዬ አልፍ ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው። በዚች በምጽፍባት እጄ ነው ያደረግኩት...

አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። አውቶብስ ውስጥ ነኝ። ኬላ ላይ አስቁመውናል፤ ሹፌሩ ወርዷል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ማንም እንዳይወርድ ተብሏል። እናቴ ያለችበት ቤት ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ስልኳን አታነሳም።

ዝም ብዬ ብቀመጥ ላብድ ነው። ስለዚህ ልጻፍላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ።

እኔ መነጽር ሠሪ ነኝ። መስታወት እሞርዳለሁ፣ ፍሬም እገጥማለሁ። አንድ አመል አለብኝ። የቆሸሸ መስታወት ካየሁ እጄ አያርፍም። ደረት ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ለስላሳ ጨርቅ አለች። ሰው እያወራኝ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አነሳና "ሃህ" ብዬ ተንፍሼበት፣ ጠርጌ እመልስለታለሁ። በዚህ አመሌ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። አንዲት ልጅም በዚሁ ጥላኝ ሄዳለች፤ እሱን ተዉት።

የእናቴን መነጽር ደግሞ በየጠዋቱ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ወፍራም ነው፤ የጠርሙስ ቂጥ ነው የሚመስለው። ለእሷ ከተተወ በቀሚሷ ጫፍ ፈትጋ ትጭረዋለች። "ሃህ" እላለሁ፣ በክብ በክብ አዞራለሁ፣ አፍንጫዋ ላይ መልሼ አስቀምጣለሁ።

"አሁን ገና ነጋልኝ" ትላለች። በየቀኑ ያቺኑ።

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲጠጋ ሰዉ ሁሉ ሸሽቶ፣ ከእኛ ፎቅ እስከ ላይ የቀረነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። እኔ፣ እናቴ፣ እና ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ። እናቴ አስም አለባት፤ ጉልበቷም ደረጃ አያወርዳትም። እሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሃምሳ አለቃው ደግሞ "ከጦርነት ሸሽቼ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም" ብለው ቀሩ። እናቴ ግን "ውሸታቸውን ነው፤ የሚሄዱበት ዘመድ የላቸውም" ትላለች።

የዚያን ዕለት አውሮፕላኑን አልሰማነውም።

የሰማነው ጣሪያው ሲበሳ ነው... ጓ! ከዚያ አምስተኛው ፎቅ... ከዚያ አራተኛው... ከዚያ ደረጃው ላይ ከባድ ብረት ሲጎተት።

ከዚያ ዝም።

እናቴ ላይ ተደፍቼ ፍንዳታውን ጠበቅኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

አልፈነዳም።

ትንሽ ቆይቶ ከመንገድ የሰው ጩኸት መጣ። "እንዳትወርዱ! ደረጃው ላይ ነው! ያልፈነዳ ቦንብ ነው! ቦንብ አምካኞቹ ነገ ጠዋት ነው የሚደርሱት!"

ሃምሳ አለቃው በራቸውን ከፈቱ። መነጽራቸው ወድቆ ሁለቱም መስታወት ደቋል። ያለ መነጽር ሰውና ቁም ሣጥን አይለዩም።

"ነገ ጠዋት?" አሉ ወደ ግድግዳው ዞረው። "እስከዚያ ምን ልናደርገው ነው? እራት ልንጋብዘው?"

በመስኮት እንዳንወጣ መስኮቶቻችን ብረት አላቸው። ሌባ እንዳይገባ ብዬ እኔው ራሴ ነኝ ያስገጠምኩት። የቆለፍኩት ለካ በራሳችን ላይ ነው።

ቢሆንም መጠበቅ ይቻል ነበር፤ የእናቴ ትንፋሽ ባይሆን ኖሮ። አቧራው ገብቶባት ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት አንስቼ ነቀነቅኩት። ቅልል ይላል።

"አለው?" አለችኝ።

"ሞልቷል" አልኳት።

እስከ ነገ ጠዋት አትቆይም። እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ልይ ብዬ በደረጃው ወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ።

እዚያ ነበር።

ከሁለተኛው ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ደረጃውን አግድሞ ተጋድሟል። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ጅራቱ ግድግዳው ውስጥ ተሰክቷል፤ ጭንቅላቱ በደረጃው መደገፊያ በኩል ነው። ከመሬት ያለው ከፍታ እስከ ጉልበቴ ነው። ሰው እግሩን አንስቶ ሊሻገረው ይችላል።

ጭንቅላቱ ላይ መስታወት ነበረው። የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ መስታወት። በኖራ አቧራ ተሸፍኗል።

እንዴት እንዳደረግኩት አትጠይቁኝ...

ጎንበስ አልኩ። "ሃህ" አልኩበት። ጨርቋን አውጥቼ በክብ በክብ ጠረግኩት።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ቦንብ እኮ ነው! የሠራሁት ሥራ የገባኝ ጠርጌ ጨርሼ፣ ጨርቋን አጥፌ ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው። ላብ አጠመቀኝ።

መስታወቱ ጠርቷል። ውስጡ ጥቁር ነው። የራሴን ፊት አየሁት... ትንሽ ሆኖ፣ ተገልብጦ።

ጀርባዬን ሳልሰጠው ወደ ኋላ እየረገጥኩ ወጣሁ።

"ጭንቅላቱ ላይ መስታወት አለው?" አሉኝ ሃምሳ አለቃው።

"አለው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዲያው የሚመራው ዓይነት ነው። በእኛ ጊዜ ቦንብ ይጣላል፤ የወደቀበት ይወድቃል። ይሄኛው ግን የተላከበትን ያውቃል። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ በዓይን የማይታይ ብርሃን ያበራል። ነጥቡ ያረፈበትን ነገር ያ መስታወት ይፈልጋል። ካየው ደግሞ አይስትም፤ በመስኮትም ቢሆን ይገባል።"

"ካላየውስ?"

"ካላየውማ ዕውር ነው። መንገድ ስቶ ዝም ብሎ ይወድቃል። እኛ ጋ የመጣውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የሆነ ነገር ዓይኑን ጋርዶት።"

መጥረጌን አልነገርኳቸውም። አፈርኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ከላይ ሆኜ አጮለቅኩ።

መጀመሪያ ሳየው መስታወቱ ወደ መደገፊያው ነበር የዞረው። አሁን ወደ ደረጃው ነው።

"ተንሸራቶ ነው" አልኩ ለራሴ።

ሌላም ነገር ነበር። ከላይ የሚረግፈው ኖራ አላቋረጠም። የቦንቡ ሆድ ነጭ ሆኗል፤ ደረጃውም ነጭ ሆኗል፤ የካልሲዬ ዱካ ሳይቀር ተሸፍኗል።

መስታወቱ ላይ ግን አንዲት ብናኝ የለችም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደግሜ አየሁት።

አሁን የሚያየው የእኛን በር ነው።

"በዓይን የማይታይ ብርሃን" ያሉት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሃምሳ አለቃው የቴሌቪዥን ሪሞት አልሠራ ብሎ ያየሁላቸው በአሮጌው ስልኬ ካሜራ ነበር። ዘዴዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የሪሞት ብርሃን በዓይን አይታይም፤ በአሮጌ ስልክ ካሜራ ግን ብልጭ ሲል ይታያል።

ስልኬን አወጣሁ። በአንድ እጄ በራችንን ተደግፌ ካሜራውን ከፈትኩ።

በሩ ላይ... ከእጄ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ... ነጭ ነጥብ።

ስልኩን ዝቅ አደረግኩ። የለም።

ከፍ አደረግኩ። አለ።

ዘልዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታፏጫለች። በአንድ እጄ ብርድ ልብሷን እያለበስኳት በሌላው ስልኩን አነሳሁ።

ነጥቡ ብርድ ልብሷ ላይ ነው።

በሩ ዝግ ነው፤ መጋረጃው ዝግ ነው። በየት በኩል ገባ?

"ምን እያየህ ነው ልጄ?"

"ሰዓት ነው እማዬ።"

"ሰዓቱ እኔ ላይ ነው እንዴ ያለው?" አለችና ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉ አልቆም አለ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እዚህ ብትቆይ ትንፋሿ ያልቃል። ይዣት ብወርድ ደግሞ፣ ነጥቡ ያረፈባትን እናቴን ዓይኑ ፊት ላሳልፋት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። መድኃኒቱን ሁለቴ ተጫንኩላት። ምንም አልወጣውም።

"ሞልቷል አላልክም?" አለችኝ ቀስ ብላ። መዋሸቴን እንዳወቀችብኝ ያኔ ገባኝ። አልቅስ አልቅስ አለኝ።

የሃምሳ አለቃውን በር አንኳኳሁ። "እንወርዳለን። እንዳያስቆሙኝ።"

"ማን አስቆመህ? እኔ ነኝ የምቀድመው።" ኮታቸውን ለበሱ። "ካለፍኩ ትከተሉኛላችሁ። ካላለፍኩ ደግሞ... አይዟችሁ፣ አትሰሙትም።"

ሳልስቅ አልቀረሁም። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል፤ ያስለቅሰኛልም።

"እማዬ፣ ሻሽሽን ስጪኝ።"

"ሻሼን? ምን ልታደርገው?"

"አቧራውን ልሸፍንበት።"

ፈታ ሰጠችኝ። ሰማያዊ ነው፤ ዳር ዳሩ ነጭ ጥልፍ አለው። ሌላ ሻሽ እያላት እሱን ብቻ ነበር የምታስረው። አዘልኳት። እንደ ላባ ቀለለችኝ፤ ይሄም አስፈራኝ።

"ዓይንሽን ጨፍኚ። እስክልሽ ድረስ እንዳትገልጪ።"

ወረድን።

ሃምሳ አለቃው መደገፊያውን እየዳበሱ ቀደሙ። በእግራቸው ቦንቡን ነካ አድርገው ለኩት። አንድ እግራቸውን አሻገሩ... ሁለተኛውን አሻገሩ... ዞረው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ና፣ ቀስ ብለህ" አሉ በሹክሹክታ።

ሻሹን ልጥልበት ጎንበስ ስል መስታወቱን አየሁት።

ጉም ለብሷል።

እኔ መነጽር ሠሪ ነኝ ብያችኋለሁ። ጉም መስታወት ላይ ከውጭ ሲሆንና ከውስጥ ሲሆን ተኝቼም እለያለሁ።

ከውስጥ ነበር።

ጉሙ ጠፋ... መጣ... ጠፋ... መጣ...

ሻሹን ጣልኩበት።

ሻሹ ትንሽ ወደ ውስጥ ተሳበ... ተመልሶ ተነፋ... ተሳበ... ተነፋ...

እግሬ ተሳሰረ። የእናቴ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ያፏጫል። ሻሹ የሚሳበውና የሚነፋው ከእሷ ትንፋሽ ጋር እኩል ነበር።

"ግራህን አንሳ" አሉ ሃምሳ አለቃው። "አንሳ እንጂ!"

አነሳሁ። አንድ እግሬ ወዲያ፣ አንድ እግሬ ወዲህ ሆኖ ቦንቡ በመካከል ሳለ እናቴ ጆሮዬ ሥር መጣች።

"ልጄ... ማነው የሚተነፍሰው?"

"አንቺ ነሽ እማዬ።"

"እኔ... ትንፋሼን ይዣለሁ።"

ማጅራቴ ላይ ያለው ፉጨት አላቆመም...

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሃምሳ አለቃው እጄን ስበው ይዘውኛል። ከታች የነበሩት ሰዎች እናቴን ከጀርባዬ አውርደው ሐኪም ቤት አደረሷት፤ ኦክስጅን ሰጧት፤ ዳነች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ የአምካኞቹ አለቃ ደወለልኝ። ቦንቡን አንስተዋል። እንኳን ተረፋችሁ አለኝ።

"መስታወቱስ?" አልኩት። "ጭንቅላቱ ላይ ያለው?"

"የቱ ጭንቅላት?"

"በመደገፊያው በኩል ያለው።"

ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ።

"ወንድሜ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ሲበሳ ተገንጥሏል። እዚያው ጣሪያው ላይ ነው ያገኘነው፤ መስታወቱ ዱቄት ሆኗል። ደረጃው ላይ የነበረው ሆዱና ጅራቱ ብቻ ነው።"

"ሻሽ... ሰማያዊ ሻሽ አላገኛችሁም?"

"ምንም አልነበረም።"

ሃምሳ አለቃውን ልጠይቅ አሰብኩ። ግን እሳቸው ያለ መነጽር ምን አዩ? እናቴም ዓይኗን ጨፍናለች። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እናቴ ከሐኪም ቤት ስትወጣ እህቴ ጋ ገባን። የመጀመሪያው ጠዋት ላይ የስልኬን ካሜራ ከፍቼ እናቴን አየኋት። ምንም የለም። በደስታ ሳቅሁ። ዞር ስል የእህቴ ቁም ሣጥን መስታወት ፊት ለፊቴ ነበር፤ ስልኩ እጄ ላይ እንደተከፈተ ነው።

ነጥቡ ደረቴ ላይ ነው። ጨርቋ ያለችበት ኪስ ላይ።

ለካ እሷን አልነበረም። በሩ ላይ ሳየው በሩን የተደገፍኩት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሷ ላይ ሳየው ያለበስኳት እኔ ነኝ። ዓይኑን ስጠርገው መጀመሪያ ጥርት አድርጎ ያየው የእኔን ፊት ነው።

ታዲያ እኔ ያለሁበት ቤት ውስጥ እናቴን ላስቀምጣት?

በዚያው ሳምንት ወጣሁ። ሱቄን ዘጋሁ። ከከተማ ውጭ፣ አጠገቡ ጎረቤት የሌለው የተተወ የዕቃ መጋዘን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሰባት ወር። በየጠዋቱ ስልኬን ከፍቼ ደረቴን አያለሁ። በየጠዋቱ አለ።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። "ምን በደልኩህ?" ትለኛለች። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እላታለሁ። "መነጽሬን እኮ የሚጠርግልኝ ሰው የለም። በጨለማ ነው የምውለው" ትለኛለች። ስልኩን ዘግቼ ከግድግዳ ጋር እጣላለሁ።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደተለመደው ስልኬን ከፈትኩ።

ነጥቡ የለም።

ሸሚዜን ቀይሬ አየሁ። ግድግዳውን አየሁ። የለም! ዘለልኩ! ጨርቋን ኪሴ ከትቼ፣ ዛሬ እናቴ ጋ ነኝ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"ልጄ፣ ሻሼን ላክልኝ ብዬህ ነበር እንዴ?" ድምፅዋ ደስታ አለበት። "በር ላይ አገኘሁት። ታጥቦ፣ እጥፍጥፍ ብሎ።"

ጫማዬን ማሰሬን ተውኩ።

"ማን አመጣው እማዬ?"

"እኔ እንጃ። እህትህ ሥራ ሄዳለች። መሃሉ ትንሽ ረጠብ ብሏል... ሞቅም ይላል።"

"እንዳታስሪው!"

"አሰርኩት እኮ። የማንን ፈቃድ ልጠብቅ ኖሯል?"

መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አታነሳም። እህቴም ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም። ያገኘሁት አውቶብስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ፤ አውቶብሱም ይኸው ኬላ ላይ ቆሟል። በሩን ደበደብኩ፤ ጠባቂው በመሣሪያው አፍ ወደ ወንበሬ መለሰኝ።

አሁን ሦስት ሰዓት ከአርባ ነው። ደግሜ ልደውል...

አነሳችው!

"እማዬ! እማዬ ስሚኝ!"

አትመልስም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው ይመስላል። ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማኛል። ደረቷ ያፏጫል።

ከዚያ አንድ ሌላ ትንፋሽ ሰማሁ። በጣም ቅርብ ነው።

"ሃህ..."

ቀጥሎ ጨርቅ መስታወት ላይ ሲዞር... በክብ... በክብ...

"አሁን ገና ነጋልኝ" አለች እናቴ። "መጣህልኝ ልጄ?"

አውቶብሱ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።